የከድጃ ሰባት ደቂቃ

የተሰረቀው የሟች ቃል ነው።

የሰርቦ ከተማዋ አሮጊት ከድጃ በመሰከሩ በወሩ አረፉ። በቡና መጋዘን ስርቆት የተከሰሰውን ዘበኛ ሱሌይማንን የሚያስረውም የሚያስፈታውም የእሳቸው ቃል ብቻ ነበር። ዛሬ ጅማ ፍርድ ቤት መዝገቡ ሲከፈት ግን፣ «ጆንያ ሲያወጣ ያየሁት ሱሌይማንን ነው» ይላል።

«ለኪ! የለም! ወላሂ እንዲህ አላሉም!» ጮኸ ሱሌይማን።

ተከሳሽን ማን ያምናል? ቃሉን የሰሙት ዳኛ ተዛውረዋል። የድምፅ ቅጂውም ከኮምፒውተሩ ጠፍቷል።

ድምፁን ወደ ጽሑፍ የገለበጠችው የኔነሽ ናት። መርማሪው ዮኤል በእሷ ጀመረ።

«ፊርማሽ አለበት።»

«መጨረሻው ገጽ ላይ። መሃሉ ተቀይሯል።»

«ማን ቀየረው?»

«እሱን አንተ ፈልግ። እኔ ያልጻፍኩትን ጻፍኩ አልልም፤ ብታስሩኝም አልልም።»

የመዝገብ ቤት ቁልፍ የያዙት ሁለት ናቸው። ጸሐፊው ናኦድ ከድጃ ከመሰከሩበት ቀን ጀምሮ ሆስፒታል ተኝቷል። ኃላፊው ወንድወሰን ደግሞ፣ «ሲመሰክሩ ፈቃድ ላይ ነበርኩ፤ ድምፁንም ሰምቼ አላውቅም» አለ።

የኔነሽ አንድ አመል አላት። የሰው ንግግር አታሳምርም። የተደጋገመውን፣ ተጀምሮ የተተወውን እንዳለ ታሰፍራለች፤ ለዝምታውም ለልቅሶውም በየሰከንዱ አንድ ነጥብ ታኖራለች። ወንድወሰን አሥር ዓመት «ወረቀት አባካኝ» ሲላት ኖሯል። ሰምታው አታውቅም፤ ደግ አደረገች!

«ክብርት ዳኛ፣ በመዝገቡ ያለው ቃል ይነበብ፤ ሰዓትም ይያዝ» አለች ችሎት ቆማ።

ተነበበ። አምስት ደቂቃ ፈጀ። የገጹ አናት ላይ የድምፁ ርዝመት አሥራ ሁለት ደቂቃ ተብሎ ተጽፏል።

«ሰባቱ ደቂቃ የት ሄደ?» ጠየቁ ዳኛዋ።

ወንድወሰን ከመቀመጫው ተነሣ። «አሮጊቷ ስታለቅስ ነበራ! ልቅሶ ይጻፋል እንዴ?»

ዮኤል ዞር አለ። «ድምፁን ሰምቼ አላውቅም አላልክም?»

የወንድወሰን ቢሮ ተፈተሸ። ሃያ ዓመት መዝገብ ሲጠብቅ ኖሮ ወረቀት መቅደድ አልሆነለትም፤ እውነተኞቹ ገጾች ከመሳቢያው ተገኙ።

የኔነሽ ማንበብ ጀመረች። ነጥቦቹ ጋ ስትደርስ ዐቃቤ ሕጉ፣ «እሱን እለፊው» አላት።

«አላልፍም። ይሄም ቃላቸው ነው።»

ሰባት ደቂቃ ሙሉ ዝም ብላ ቆመች። ወንድወሰን አንገቱን ደፋ። ከዚያ ቀጠለች።

«ያየሁት... ያ ልጅ... የመጋዘኑ ኃላፊ አብነት ነው። እሱንም ታላቅ ወንድሙን ወንድወሰንንም... በጀርባዬ አዝዬ ነው ያሳደግኋቸው።»

ሱሌይማን በዚያው ዕለት ቤቱ ገባ።