ሁለተኛው ትራምፔት

ትራምፔት ነፊው ኦዴል ፕሩየት ሐሙስ ጠዋት በመለማመጃ ክፍሉ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ጭንቅላቱ ከማሞቂያው ብረት ጋር ተጋጭቷል። በዚያ ዓመት «የእማዬ ደረጃ» የተባለው ሸክላው ያልተከፈተበት ቤት በፊላዴልፊያ አልነበረም፤ የእኛ ሰው የወደደውን እስኪያንገሸግሸው አይተውም። ኦዴል ግን ቀድሟቸው ሰልችቶታል። ልቡ ሃርድ ቦፕ ወደሚባለው ጠለቅ ያለ የጃዝ ስልት ሄዷል።

መርማሪ ጊብስ በልጅነቱ በቤተ ክርስቲያን ባንድ ውስጥ ትራምፔት ነፊ ነበር። ተንበርክኮ የሟቹን ከንፈር ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ከሟቹ ኪስም ትራምፔት ላይ የምትሰካውን፣ ከንፈር የሚያርፍባትን ትንሽ የብረት አፍ አወጣ፤ ደረቅ ናት። መቆሚያው ላይ ያለው ትራምፔት ውስጡ እርጥብ ነው።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ «የእማዬ ደረጃ» በትራምፔት ሲነፋ ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል። ሚስቱ ቨርና በዚያ ሰዓት ምድር ቤት የደንበኛ ፀጉር ትሠራ ነበር፤ ፒያኖ ተጫዋቹ ተርማንም እዚያው ቁጭ ብሎ ያስቃቸዋል። ታላቅ ወንድሙ ሃርላን ሙዚቃው ካበቃ በኋላ ወደ ክፍሉ ወጥቶ ኦዴልን ወድቆ እንዳገኘው ተናገረ። ኦዴልን ትራምፔት ያስተማረው እሱ ነው። ታናሹ እንዲማር ብሎ መንፋቱን ትቶ ወደብ ላይ ጆንያ መሸከም ከጀመረ አሥራ ስምንት ዓመት ሆኖታል።

ጊብስ ሦስቱንም ክፍሉ ውስጥ ሰበሰባቸው።

«ኦዴል ዛሬ አልነፋም» አለ። «የነፋ ሰው ከንፈሩ ላይ ቀለበት የመሰለ ምልክት ይቀራል፤ እሱ ላይ የለም። የብረት አፉም ከኪሱ አልወጣችም። የሰማችሁት ሌላ ሰው ነው።»

«ዛሬስ ከልቡ ነፋ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር» አለች ቨርና።

«እኔን ካላችሁ ፊኛ እንኳ መንፋት አልችልም» አለ ተርማን።

«ነፊ የሌላ ሰው የብረት አፍ አይዋስም» አለ ጊብስ። «መንፋት ቢተው እንኳ የራሱን ከኪሱ አይለይም። ሃርላን ወንድሜ፣ ከንፈርህ አብጧል። እስቲ ኪስህን አሳየኝ።»

ሃርላን ከሥራ ካፖርቱ ኪስ የራሱን የብረት አፍ አወጣ። ገና እርጥብ ነበረች።

«ዘፈኑን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ሰጠሁት» አለ። «ዛሬ ‹የልጅ ጨዋታ ነው፣ ከእንግዲህ አልነፋውም› አለኝ። አንዴ ገፋሁት። አንዴ ብቻ። ከዚያ በሕይወት ያለ እንዲመስል ነፋሁ።»

ቨርና እንባዋን ጠርጋ ፒያኖው ላይ የነበረውን የኖታ ወረቀት ለሃርላን አቀበለችው። «ኦዴል ዛሬ የጠራህ ይህን ሊያሳይህ ነበር» አለችው።

አዲሱ ሥራ ለሁለት ትራምፔት የተጻፈ ነበር። ከሁለተኛው መስመር ጎን በኦዴል የእጅ ጽሑፍ «ሃርላን» የሚል ስም ሰፍሯል።

ሃርላን ማንበብ ጀመረ፤ ጣቶቹም በወረቀቱ ጀርባ ላይ ዜማውን ይከተሉ ነበር። ጊብስም ካቴናውን ከማውጣቱ በፊት ጨርሶ እስኪያነብ ጠበቀው።