ማን አየ

«ከደረጃ ላይ ወርውራው ነው የሰበረችው» አለች ማህደር፣ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ዛሬ የመስማት ተራው የደረሰው ጀሪካን ይዘው ቧንቧው ጋ ለተሰለፉት የክፍሏ ልጆች ነበር። «እኛ ጤነኛ ቡችላ ነው የሰጠናት። የአሳ ሻጭ ልጅ ስለ ዘር ውሻ ምን ታውቃለች?»

እድላዊት ከአጥሩ ወዲህ የአሳ ጭንቅላት እየቀቀለች ሁሉንም ሰማች። ጭልፋዋን አስቀመጠችና አንገቷን ቀና አድርጋ ተጣራች።

«ማን አየ! ማን አየ! ና!»

ውሻው ከማንጎው ጥላ ሥር እንደ ሽማግሌ በሁለት ትንፋሽ ተነሳ። ከወዲያ በኩል አንዷ ፍርፍር ብላ ሳቀች።

ጎረቤቱን ፊት ለፊት መስደብ የከበደው ሰው ለውሻው ስም ያወጣል፤ የቆየ ልማድ ነው። ውሻው ሲመጣ ስሙ ጃክ ነበር። ወሬው በተጀመረ በሦስተኛው ቀን እድላዊት «ማን አየ» አለችው። ከዚያ ወዲህ ባትፈልገውም እንኳ በቀን አስር ጊዜ ትጠራዋለች።

«ቤታችን እኮ ደረጃ የለውም!» ብላ ነበር መጀመሪያ ላይ፣ ለሚሰማውም ለማይሰማውም። እውነቷን ነው፤ የእነሱ በር ከመሬት ጋር እኩል ነው። በሰፈሩ ደረጃ ያለው ቤት የእነማህደር ብቻ ነው፤ ሰባት የድንጋይ ደረጃ። ግን ሰው ወሬ ሲጥመው ደረጃ አይቆጥርም።

ውሻው አስር ወሩ ነው። ሲሮጥ ሁለቱን የኋላ እግሮቹን እንደ ጥንቸል ገጥሞ ይዘላል፤ ዝናብ የጣለ ቀን ደግሞ ጭራሽ አይነሳም። የማህደር አባት ጋሼ ልዑልሰገድ፣ ከሰሜን ተመድበው መጥተው እዚሁ አርባ ምንጭ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ረቡዕ ዕለት እነእድላዊት በር ድረስ መጥተው ቁርጡን ነገሯት።

«ቅዳሜ ቬራ ከተመረጠች በኋላ ውሻውን እወስደዋለሁ። ሰባሪ እጅ ላይ እንስሳ አይተውም። ሐኪሙ በመርፌ ይገላግለዋል።»

ቬራ የውሻው እናት ናት። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሐኪም የጥበቃ ውሾች የሚወልዱ እናቶችን ሊመርጥ ነው። ማስታወቂያው ሲቀላ ሰፈር፣ መናኸሪያው አጠገብ ምሰሶ ላይ ተለጥፏል። «የዳሌ አጥንታቸው በራጅ ታይቶ» ይላል። እድላዊት ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ፈገግ አለች፤ ደግ ፈገግታ አልነበረም።

ቅዳሜ ጠዋት ውሻውን በነጠላ ጠቅልላ ባጃጅ አስቆመች።

«ውሻ አልጭንም!» አለ ሹፌሩ።

«ምስክር ነው» አለችው፣ ገብታ እየተቀመጠች። «ንዳው።»

ምርጫው በሚካሄድበት የእንስሳት ክሊኒክ ግቢ ውስጥ ውሾቹ በየተራ መርፌ እየተወጉ ይተኛሉ፤ በጀርባቸው ተንጋለው፣ የኋላ እግራቸው ቀጥ ተደርጎ ተስቦ ራጅ ይነሳሉ። ከአዲስ አበባ የመጡት ዶክተር አስናቀ የቬራን የራጅ ፊልም መስኮቱ ላይ አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት።

«መጥፎ አይደለም» አሉ። «ግን የእናት ዳሌ ብቻውን አይበቃኝም። ከወለደቻቸው አንዱን ባይ ደስ ይለኛል።»

«ሁሉም አዲስ አበባ ናቸው» አሉ ጋሼ ልዑልሰገድ። «እዚህ የቀረው አንድ ነው፤ እሱንም ልጅ ሰበረችው።»

«ተሰበረ የተባለው ይኸውና!» አለች እድላዊት፣ ሰዉን በትከሻዋ እየገፋች።

ማህደር ከአባቷ ጀርባ ገረጣች። ግማሽ ሰዓት ጠበቁ። አዲሱ ፊልም ከቬራው አጠገብ ሲለጠፍ ዶክተሩ ከንፈራቸውን መጠጡ።

«የጭኑ አጥንት ራስ እዚህ ጎድጓዳው ውስጥ፣ ሙቀጫ ውስጥ እንደገባ ዘነዘና መቀመጥ ነበረበት። እዩት፣ ሙቀጫው ሰሃን ሆኗል። ያንሸራትተዋል።»

«ማን ሰበረው?» አለች እድላዊት፣ ሁሉም እንዲሰማ።

«ማንም። መውደቅ ቢሆን አንዱን ጎን ነበር የሚጎዳው፤ ይሄ ሁለቱም እኩል ነው። ከዘሩ ይዞት የመጣ ነው።» ከዚያ በቬራ ቅጽ ላይ ቀይ መስመር አሰመሩ። «ይህኛው ይኖራል፤ ግን እንዳይወፍር ተጠንቀቂ። እናትየዋ ግን ከእንግዲህ ባትወልድ ይሻላል።»

ጋሼ ልዑልሰገድ ያመጡትን ገመድ ኪሳቸው ከተቱት። ማህደር እመሬት ላይ ቁጭ ብላ ፊቷን በሹራቧ ሸፍና ተንሰቀሰቀች። እድላዊት ያን ለቅሶ እንደ በሰለ ማንጎ መጠጠችው።

ዶክተሩ ፊልሙን ሰጧት። «ከስድስት ወር በኋላ ስመለስ ከአዲሱ ጋር አስተያየዋለሁ። ፀሐይ ላይ አትተዪው።»

እሑድ ማታ እናቷ ወርቂቱ ፊልሙን ደብተሯ ውስጥ ስትከት አየቻት።

«አሸነፍሽ አይደል? ከዚህ በላይ ምን አማረሽ?»

«እማዬ፣ እሷ አራት ወር ሙሉ አውርታለች። እኔ አንድ ሳምንት ብሰቅል ምን አለበት?»

ሰኞ ፊልሙ የስምንተኛ «ለ» መስኮት ላይ በፕላስተር ተለጥፎ ዋለ፤ ከሥሩ «ማን ሰበረው?» የሚል ወረቀት ነበር። የጠዋቱ ፀሐይ በውስጡ ሲያልፍ የዳሌው አጥንት እስከ ኋላ ወንበር ድረስ ይታያል። እስከ እረፍት ድረስ ማህደር «ሰሃኗ» የሚል ስም ወጥቶላት ነበር። ያወጡት እነዚያው የቧንቧው ልጆች ናቸው፤ የወሬ ሆድ አይሞላም። ማክሰኞ አንዱ ከኋላዋ እንደ ጥንቸል እየዘለለ አጀባት። ረቡዕ አልመጣችም። ሐሙስም ወንበሯ ባዶ ነበር።

ሐሙስ ከትምህርት በኋላ እድላዊት ብቻዋን ቀረች። የፊልሙ ጠርዝ በሙቀቱ መጠቅለል ጀምሯል። ፕላስተሩን አንድ በአንድ ላጠችው። ወረቀቱን ጨምድዳ ጣለች።

«ምነው፣ ታረቃችሁ እንዴ?» አላት የክፍል አለቃው ሸዋንዳኝ፣ ከበሩ።

«ፀሐይ እያበላሸው ነው» አለች።

ሰፈር ስትደርስ እነማህደር በር ላይ ባጃጅ ቆሟል። ሻንጣ ተጭኗል። ማህደር ከደረጃው የመጨረሻው ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፤ ውሻው አጥሩን ሾልኮ ሄዶ ጭንቅላቱን ጉልበቷ ላይ አሳርፏል። እድላዊት ልትጠራው አፏን ከፍታ ተወችው። ፊልሙን ወደ ጀርባዋ ሸሸገች።

«ምዕራብ ዓባያ አክስቴ ጋ ልሄድ ነው» አለች ማህደር ቀና ሳትል። «ሚኒስትሪንም እዚያው ነው የምፈተነው።»



ባጃጁ ጥሩምባ ነፋ። ማህደር ተነሳች፣ ውሻውን ጆሮው ሥር አከከችው፣ ሁለት እርምጃ ሄዳ ዞረች።

«ማንም አላየኝም» አለች። «ዓይኑን በገለጠ ሰሞን ነው። አቅፌው ስወርድ ከላይኛው ደረጃ ላይ ከእጄ አመለጠኝ፣ ሰባቱንም ተንከባለለ። እስከ ቅዳሜ ድረስ የሰበርኩት እኔ ነበር የሚመስለኝ።»