ባለቤቷ ያልታወቀ ቀይ መኪና

ሊላንድ ክሬብስ ጋራዡ ውስጥ በጀርባው ተንጋሎ፣ ግንባሩ በመዶሻ ተፈርክሶ ተገኘ። ገዳዩ አንዴ መትቶ አልበቃውም፤ ከወደቀ በኋላም ደጋግሞታል። ደሙ በሲሚንቶው ላይ ሄዶ ሄዶ አጠገቡ በቆመችው አሮጌ ቀይ የእሽቅድድም መኪና ጎማ ሥር ረግቷል።

መርማሪ ሮሳና ኢባራ ለሬሳ አዲስ አይደለችም፤ ያን ፊት አይታ ግን ወጥታ አየር ወሰደች። ስትመለስ የሟቹን እጆች አየች። ጥፍሮቹ ሥር አረንጓዴ የቀለም ፍርፋሪ አለ፤ ጋራዡ ውስጥ ግን አንድም አረንጓዴ ነገር የለም። ተንበርክካ የመኪናዋን ሆድ በባትሪ አበራች። ከመቀመጫው ሥር፣ መዳፍ በሚያህል ቦታ ላይ ቀዩ ቀለም ገና አልደረቀም። ረዳቶቿን ይህን ለማንም ትንፍሽ እንዳይሉ አስጠነቀቀቻቸው።

ክሬብስ መኪናዋን የገዛት በረሃ ውስጥ ካለ የድርቆሽ ጎተራ፣ ከጥቂት ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች ጋር ነበር። ፎቶዎቹ ላይ ሹፌሩ መነጽርና የጭስ ጭንብል አጥልቋል፤ እናቱም ብትሆን አትለየውም። ክሬብስ «ይህች መኪና የማን ነበረች?» ብሎ ፎቶዎቹን በአሮጌ ተወዳዳሪዎች መጽሔት ላይ አወጣቸው። ሦስት ሰዎች ሊያዩዋት መጡ፤ መኪና ሠሪውና የቀድሞው ተወዳዳሪ ዌንደል ስታብስ፣ ውድድሩን በድምፅ ማጉያ ያስተላልፍ የነበረው ቨርጂል ቴት፣ እና ዶሪን ሆልካም።

የዶሪን ነገር ያሳዝናል። የእሽቅድድም ሹፌር የነበረው ወንድሟ ሮይስ በፈረንጆች ሃምሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ከቤከርስፊልድ ከተማ ወጣ ብሎ ካለ የጥጥ እርሻ ዳር ተቀጥቅጦ ተገደለ፤ መኪናውም በዚያው ጠፋች። ገዳዩ አልተያዘም። ከዚያ ወዲህ አሮጌ መኪና ተገኘ በተባለበት ሁሉ ዶሪን አለች።

ኢባራ መጀመሪያ ስታብስን ብየዳ ቤቱ አገኘችው። ሁለቱም እጆቹ በቆየ የእሳት ጠባሳ ተጨማደዋል። የጫማው አፍንጫ ላይ ቀይ ነጠብጣብ አለ።

«መኪናዋን አወቋት?»

«እንዲህ ያለ ቀይ መኪና ያን ጊዜ ስንት ነበር፣ ልጄ። ለክሬብስም ይህንኑ ነው ያልኩት።»

«እጅዎን ምን ነካው?»

«እሳት። በስድሳ ዓመተ ምሕረት፣ ስወዳደር።»

«በየትኛዋ መኪና?»

«በአንዷ።»

«ይሁን። እንሂድና አብረን እንያት፤ መኪናዬ ውጭ ናት።»

ስታብስ በሩ ላይ ቆመ። «አረንጓዴ ነች እኮ! እኔ አረንጓዴ ውስጥ አልገባም።»

«በስድሳ ስምንት ዓመትዎም?»

«ስድሳ ስምንት የደረስኩት ለዚህ አይደል?» ብሎ በራሱ ፒካፕ ተከተላት።

ቴትም ያው ነው። «እኔ ሹፌር እንኳ አልነበርኩም፤ ስለፈልፍ ነው የኖርኩት» አለና ሳቀ። «ግን ለእኛ ለእሽቅድድም ሰዎች አረንጓዴ ገደቢስ ነው፤ ሞት ነው። ከዌንደል ጋር ልሂድ።» አረንጓዴዋ ውስጥ የገባችው ዶሪን ብቻ ነበረች።

ጋራዡ ውስጥ ኢባራ ፎቶዎቹን ደረደረች። ስታብስ ሳይጠየቅ ተንበርክኮ ከመኪናዋ ሥር ተንፏቀቀና «ብየዳዋ ደህና ነው» እያለ ወጣ።

«የሹፌሩን ትከሻ ከፎቶው ጋር ላስተያይ ነው» አለች ኢባራ። «ተራ በተራ ግቡ።»

ቴት ቦርጩን እየጎተተ ገባ፤ «አሁን ደግሞ ማን ያወጣኛል?» እያለም ወጣ። ዶሪን ገብታ መሪውን ያዘች፤ ገና ሳትወርድ ኢባራ ቀጠለች።

«ቀጥሎ እርስዎ፣ አቶ ስታብስ።»

«ጉልበቴን ያመኛል።»

«አሁን ከሥሯ ሲንፏቀቁ አላመምዎትም።»

«አልገባም አልኩሽ!» ጋራዡ ቀዝቃዛ ነው፤ ሰውየውን ግን አልቦታል።

ኢባራ ወደ ሌሎቹ ዞረች። «ክሬብስ የተገደለው ቀዩን ፍቆ ከሥሩ ሌላ ቀለም ስላገኘ ነው። ፍርፋሪው ጥፍሩ ውስጥ ቀርቷል። አረንጓዴ ነው።»

ቴት ወደ ኋላ ሸሸና ሱሪውን ማራገፍ ጀመረ። «አረንጓዴ ውስጥ ነው ያስገባሽኝ?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። እርስዎ አሁን መስማትዎ ነው። ገዳዩ የተፋቀውን ቦታ መልሶ ቀይ ረጭቶበታል፤ አረንጓዴነቷን ከእኔና ከረዳቶቼ ሌላ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። ጠዋት እርስዎም ስታብስም የእኔን መኪና ሸሻችሁ። ይህችን ቀይ መኪና የሸሸ ግን አንድ ሰው ነው። ጫማው ላይ ያለውም ትኩስ ቀይ ቀለም ነው።»

ዶሪን የመኪናዋን ብረት ጨበጠች። «የሮይስ መኪና አረንጓዴ ነበረች» አለች።

«የተቀመጡባት እሷው ናት። ሮይስ ከተገደለ በኋላ ስታብስ በአረንጓዴው አጽሟ ላይ ሌላ ቦዲ አልብሶ፣ ቀይ ቀብቶ፣ ፊቱን ሸፍኖ ሩቅ አገር ነዳት። እጆቹን ያቃጠለችው ‹አንዷ›ም እሷ ናት። ከዚያ ፈርቶ ጎተራ ውስጥ ቀበራት።»

ስታብስ ከግድግዳው የብረት ዘንግ መንጭቆ ሰነዘረ። የኢባራ የግራ ክንድ ተሰበረ፤ ድምፁ ለሁሉም ተሰማ። ዘንጉን እንደገና ወደ ዶሪን አናት ሲያነሳ ኢባራ በቀኝ እጇ ተኮሰች። ጥይቱ ያመኛል ያለውን ጉልበቱን በረቃቀሰው።

ስታብስ በደሙ ላይ እየተንፈራገጠ ጮኸ። «በየእሁዱ ያሸንፈኝ ነበር! የሷን ፍጥነት ፈልጌ ነው፤ እኔንም አቃጠለችኝ! አረንጓዴ እርግማን ነው፤ እሱንም የገደለው አረንጓዴው ነው!»

ዶሪን ከመኪናዋ አልወረደችም። እጇን ከመቀመጫው ሥር ሰዳ ያልደረቀውን ቀይ በአውራ ጣቷ ጠረገችው፤ የወንድሟ አረንጓዴ ብቅ አለ።

«ሮይስ ቀለም ሰው አይገድልም ይል ነበር፣ ዌንደል» አለችው። «ፊትህ ቆሞ ሲልህ ሰምቼዋለሁ።»