ድልድዩ አጠገብ የሣልኩት ቤት

እኔ እንዲህ ባለ ነገር የማምን ሰው አልነበርኩም። እኛ ቤት ስለ ዛርና ስለ ቡዳ ሲወራ እናቴ «ጸሎት ይበቃል» ብላ ወሬውን ትቆርጠዋለች፣ እኔ ደግሞ ንድፍ ሥራን ብቻዬን ከአሮጌ መጽሐፍ የተማርኩ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ አንድ የግንባታ መሥሪያ ቤት ውስጥ ፕላን የምገለብጥ ሰው ነኝ፣ ያልተለካን ነገር እንደሌለ ነው የምቆጥረው። እመነኝ ወዳጄ፣ ልጨምርበት ብፈልግ ከዚህ የተሻለ በፈጠርኩ ነበር።

ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ፣ የእንጨት በረንዳ ያለው አሮጌ ቤት ነበር፣ በእሱ ውስጥ ሁላችንም ማዳም የምንላት ስፔናዊት አሮጊት ትኖር ነበር። ባሏ ድንጋይ ጠራቢ ነበር፣ ሞቷል፣ ቤቱ ሲወረስ ሁለት ክፍልና አንዲት ዕቃ ቤት ተተወላት። ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል። አማርኛዋ የሰፈሩ ነው፣ ሆኖም ሰውን ሁሉ «አንተ» ነው የምትለው፣ የቀበሌውን ሊቀመንበር ሳይቀር፣ እሱም ለምዶታል።

በዚያች ዕቃ ቤት ውስጥ ታላቅ ወንድሜ ፍቅሩ ተደብቆ ነበር። ጊዜውን ታውቀዋለህ፣ ጠዋት ከቤት ስትወጣ መንገድ ዳር የወጣት ሬሳ የምታይበት ጊዜ ነው፣ የፍቅሩም ስም በስብሰባ ተጠርቷል። ዕቃ ቤቷ አራት ሜትር በሦስት ሜትር ተኩል ናት፣ ለክቻታለሁ። በሯ አንድ ነው፣ እሱም በቁም ሳጥን ተሸፍኗል፣ ከላይ ስንዝር የምታክል ብረት የተገጠመላት መስኮት አለች። በየቀኑ ምግብ ለማድረስ ሰበብ ሳጣ፣ ዘዴውን ያመጣችው ማዳም ራሷ ናት።

«አንተ ንድፍ ታውቃለህ» አለችኝ፣ «የኔን መንደር ሣልልኝ። የጠየቀህ ካለ፣ ሥራ ነው በል።»

መንደሯ ስፔን ውስጥ ነው፣ ተራራ ላይ፣ በበቅሎ ግማሽ ቀን የሚወጣ። ጣሪያው ሁሉ ስስ ጥቁር ድንጋይ ነው፣ ግንብ ያለው ቤተ ክርስቲያን አለ፣ አንድ ቅስት ያለው ድልድይ፣ አይጥ እንዳይወጣበት በድንጋይ እግሮች ላይ የቆመ ጎተራ።

«አሁን ማን ይኖርበታል?» አልኳት።

«ማንም። ሰዉ ሄዷል፣ ያልሄደውም ሞቷል። ቤቱ ግን አለ።»

ዓይኗን ጨፍና በእርምጃ ትነግረኛለች፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በር እስከ ድልድዩ ዘጠና አንድ፣ ከድልድዩ እስከ ጎተራው ሠላሳ አራት፣ እያለች። እኔ ወደ ሜትር እመልስና በቀለም አሰምራለሁ። አንድ ዙር ስንጨርስ መስመሩ የተነሣበት ነጥብ ላይ ይገጥማል፣ ይህ በመሣሪያ በተለካ ቦታ እንኳ ሁልጊዜ አይሆንም፣ እሷ ግን ከአርባ ዓመት በኋላ በትዝታ ነበር የምትለካው። ያልተሞላ አንድ ቦታ ብቻ ቀረ። ድልድዩ አጠገብ፣ ሰባት እርምጃ በስድስት የሚሆን ባዶ።

«እዚህ ምን ነበር?»

«ተወው። ክፍት ይሁን።»

እንግዳው ነገር የጀመረው በዚያው ሳምንት ነው፣ ያስተዋለውም ፍቅሩ እንጂ እኔ አይደለሁም።

«ስማ ሚሊሜትር» አለኝ፣ ሰፈር ውስጥ ያወጣልኝ ስም ነው፣ «ይቺ ደወል የየት ናት?»

«የጊዮርጊስ ናታ።»

«የጊዮርጊስን ደወል አንተ ልታስተምረኝ? ክርስትና የተነሣሁበት ነው። ይቺ ቀጭን ናት፣ ከዚህ ግድግዳ ጀርባ ነው የምትመጣው።»

«ከግድግዳው ጀርባ ያለው የወርቅ ቤቱ መጋዘን ነው።»

«እንግዲያው ሰውዬው ወርቁን ትቶ ፍየል ማርባት ጀምሯል፣ ቃጭላቸውን እየሰማሁ ነው» ብሎ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ብቻውን መክረሙ ነው ብዬ ተውኩት። በማግስቱ ብርድ ልብሱ ረጥቦ አገኘሁት፣ የእንጨት ጭስ ጭስ ይሸታል፣ ክረምት ስለነበር ጣሪያው አፍስሶ ይሆናል ብዬ ወንበር ላይ ቆሜ ኮርኒሱን ዳሰስኩት። ደረቅ ነው።

አሁን ጥፋቴን ልንገርህ። ባዶው ቦታ እንቅልፍ ነሣኝ። ንድፍ ላይ ያልተሞላ ቦታ ማየት አልችልም፣ ማዳም ደግሞ አታይም፣ ስለዚህ አርብ ዕለት ሳልነግራት አንዲት ቤት ሣልኩበት። አምሳያ ስላልነበረኝ የማውቃትን ዕቃ ቤት ገለበጥኩ፣ መስኮቷንም በሯንም። ልክ ገጠመች። በእኛ ሥራ ክፍት በር በሩብ ክብ ነው የሚሣለው፣ እኔ ግን ወንድሜ ያለባትን ክፍል ክፍት አድርጌ መሣል እጄ እንቢ አለኝ፣ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አድርጌ ዘጋሁት።

ቅዳሜ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ በዝናብ፣ አሰሳ መጣ። ለፍቅሩ ሻይ አስገብቼ ቁም ሳጥኑን ከመለስኩ አምስት ደቂቃ አልሞላም። ሦስት ናቸው፣ አለቃቸው ኮቱ ውሃ የሚያንጠባጥብ ወፍራም ሰው ነው፣ በቀጥታ ወደ ጠረጴዛው መጣ።

«ምንድን ነው ይሄ? ካርታ?»

«የኔ አገር ነው» አለች ማዳም።

«አገርሽ ኢምፔሪያሊስት ነው ሶሻሊስት?»

«ፍየል ነው ያለው። አንተ እግርህን ጥረግ።»

አንደኛው ሳቀ፣ አለቃው ግን አልሳቀም፣ ቁም ሳጥኑን እያየ ነበር። «ሳቡት» አለ። ሲሳብ ወለሉ ላይ ያሰማው ጩኸት ዛሬም ጥርሴን ያፋጨኛል። በሩን በእግሩ ገፋው፣ እኔ ግድግዳውን ተደገፍኩ።

ውስጥ ማንም አልነበረም።

የድንች ጆንያ፣ የተጠቀለለ ፍራሽ፣ ሳጥን ላይ የተቀመጠ ብርጭቆ። የመስኮቷ ብረት እንዳለ ነው። አለቃው ብርጭቆውን ነካና እጁን ሰበሰበ፣ ትኩስ ነዋ።

«ይሄን የሚጠጣው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ፣ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፣ አንሥቼ እያዩኝ ጠጣሁት፣ ምላሴ ተላጠ። ፍራሹን በሳንጃ ወጉ፣ ጆንያውን ደፉ፣ ሄዱ።

ግድግዳውን በጡጫ ደበደብኩ፣ ወለሉን ጣውላ በጣውላ ፈተሽኩ፣ አንድም የላላ የለም። በመጨረሻ ጠረጴዛው ጋ ስመለስ ወረቀቱን አየሁት። የሣልኳት ቤት በር ተከፍቷል። ቀጥ ያለው መስመር የለም፣ ተፍቆም ቢሆን ወረቀቱ ይሻክር ነበር፣ አልሻከረም። በቦታው ሩብ ክብ ተሥሏል፣ በእኔ ቀለም፣ በእኔ የብዕር ውፍረት፣ ወደ ውጭ፣ ወደ ድልድዩ። ቀለም ያለበትን ጠርሙስ አየሁት፣ ክዳኑ እንደተዘጋ ነው።

ማዳምን እጇን ይዤ ነገርኳት፣ ቤት መሣሌንም ጭምር። ጣቷን በመስመሩ ላይ አሳለፈች፣ በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ክፍት ይሁን ብዬህ ነበር» አለች። «በድልድዩ በኩል ነው የወጣው።»

«ወዴት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። እዚያ አሁን የሚጠይቁት ሰው የለም።» ከዚያ ቀስ ብላ «ብርድ ልብሱን ይዟል?» አለችኝ።

ሄጄ አየሁ። አልያዘም፣ ከፍራሹ ጋር ተጠቅልሎ ነበር።

የሚሉኝን አውቃለሁ፣ ዘወር ስትል ወጥቶ ነው፣ መንገድ ላይ ተይዞ ነው። ቁም ሳጥኑን ከውስጥ የሚገፋ ሰው እኔ ሳላየው? በየእስር ቤቱ ደጅ ስንቅ ይዘን ተሰለፍን፣ በየቦታው «እዚህ የለም» አሉን፣ ስሙ ከሞቱትም ዝርዝር አልተገኘም። ማዳም በዓመቱ ዐረፈች፣ ንድፉ እኔ ዘንድ ነው፣ በሩንም እያወጣሁ አየዋለሁ፣ እንደተከፈተ ነው። ልዝጋው ብዬ ብዕር ያነሣሁበት ቀን አለ፣ ሊመለስ ቢመጣስ ብዬ ተውኩት።

ሰባት ዓመት ሲሞላ እናቴ ቤተ ክርስቲያን ስሙ ይጠራ አለች። ለእሷ ሁሉንም ነግሬያታለሁ፣ አላመንኩህም አላለችኝም፣ አመንኩህም አላለችኝም። የክርስትና ስሙን በጥሩ ጽሑፍ ጽፌ ይዘን ሄድን፣ ቄሱ ወረቀቱን ተቀብለው አነበቡና በደግ ድምፅ ጠየቁን፣

«ለጤና ነው ወይስ ለፍትሐት?»

 እናቴ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አድርጋ ወደ እኔ ዞረች።

«የሣልከው አንተ ነህ» አለችኝ፣ «አንተ ንገራቸው።»

ቄሱ ይጠብቁኛል፣ ከኋላችን ሰው ተሰልፏል። ወረቀቱን ከእጃቸው መልሼ ወሰድኩት።