ተረከዝና ጉልበት

አባቷ የጫማውን ክር ሊያስር ለሦስተኛ ጊዜ ጎንበስ አለ። ክሩ ግን አልተፈታም። ሚጣ ከኋላው በሁለት እርምጃ ርቀት ቆማ ስለነበር በደንብ አይታዋለች። ጠዋት ከአውቶቡስ ሲወርዱ ያሰረው ድርብ ቋጠሮ እንዳለ ነው።

«ይሄ ክር ዛሬ ምን ነካው!» አለ ቀና ሳይል።

«ግድ የለም አባዬ፣ ጊዜ አለን» አለችው።

መንገዱ እዚህ ሲደርስ መንገድነቱን ትቶ ደረጃ ይሆናል። ደረጃ መባሉም ለቁልምጫ ነው እንጂ ከቋጥኙ ሥር የተደራረበ ድንጋይ ነው፤ አንዳንዱ እስከ ጭኗ ይደርሳል። በስተቀኝ ለእጅ መያዣ የሚሆን ሸካራ ቋጥኝ አለ። በስተግራ ምንም የለም። አየር ብቻ ነው፤ ከአየሩ ሥር ደግሞ እንደ ክብሪት ቀፎ ያነሱ ቤቶች።

አባቷ ቀያሽ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ባለ ሦስት እግሩን የመለኪያ መሣሪያ በትከሻው ተሸክሞ ያልወጣው ኮረብታ የለም። «ተራራ በጉልበት አይወጣም፣ በትዕግሥት ነው» ይላል ሁልጊዜ። ይህን ተራራ ዐሥራ አራት ዓመት ሲሞላት አብረው እንደሚወጡ ቃል የገባላት ገና አንደኛ ክፍል ሳለች ነበር። እሷም ወሬውን ለክፍሉ ሁሉ አዳርሳለች። ጫፉ ላይ ካለው የድንጋይ ክምር አጠገብ ፎቶ ተነሥታ ለጓደኞቿ ልትልክላቸው ተስማምተዋል።

አባቷ ቋጥኙን ጨብጦ ተነሣ። መጀመሪያ ግራ እግሩን አስቀደመ፤ ከዚያ ቀኙን ሳያጥፍ ጎትቶ አስከተለው። ቀጣዩም ድንጋይ ላይ እንዲሁ። ሚጣ መቁጠር ጀመረች። በዐሥራ ሁለት ድንጋይ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳን በቀኝ እግሩ አልቀደመም። ዐሥራ ሦስተኛው ከፍ ይል ስለነበር ሌላ ምርጫ አላገኘም። ቀኙን ረገጠበት፤ ሊነሣ ሲልም ጉልበቱ ከዳው። በሁለት እጁ ቋጥኙን ባይዝ ኖሮ በግራ በኩል ነበር የሚሄደው።

«አንሸራተተኝ» አለ ፈጠን ብሎ።

ድንጋዩ ደረቅ ነበር። ላቡ ከግንባሩ ወርዶ አገጩ ላይ ሲንጠለጠል አየችው፤ አንጀቷን በላት። ጉልበትህን አሞሃል ብትለው ምን እንደሚያደርግ ታውቃለች። ባለፈው ዓመት እናቷ ሐኪም ታይ ብላ ስትጨቀጭቀው፣ ጤነኛ መሆኑን ለማሳየት ትልቁን ቁም ሣጥን ብቻውን ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ገፍቶ ነበር። ቁም ሣጥኑ ዛሬም የማይሆን ቦታ ላይ ቆሟል። አሁንም ያመዋል ከተባለ ሮጦ ሊወጣ ይችላል።

ቀና ብላ አየች። ጫፉ ከአንድ ሰዓት አይርቅም። የድንጋዩ ክምር እንኳን ይታያል።

«አባዬ፣ አልቻልኩም» አለች። «ተረከዜ ውሃ ቋጥሯል። ከዚህ በላይ መራመድ አልችልም።»

አባቷ ዞረ። ፊቱ ላይ መጀመሪያ ቅሬታ፣ ወዲያው ደግሞ ሌላ ነገር አለፈ፤ እንደ እፎይታ ያለ። «እስኪ አውልቂውና ልየው።»

«ካወለቅኩት ተመልሶ አይገባልኝም። አንተው አይደለህ ያልከኝ?»

«እሱስ ልክ ነሽ» አለና ወደ ጫፉ አንዴ አየ። «በቃ፣ እንመለስ። ተራራው የትም አይሄድም።»

እንዲመለሱ ማድረጉን አስባበት ነበር፤ የመውረዱን ነገር ግን አላሰበችውም። መውረድ ለጉልበት ይብሳል። ይባስ ብሎ አባቷ የታመመች ልጁን ሊረዳ ተነሣ። ቦርሳዋን ከጀርባዋ ገፎ በራሱ ቦርሳ ላይ ደረበው። «ተደገፊኝ» እያለ ትከሻውን ሰጣት። ሚጣ እንዳትከብደው ተጠንቅቃ እጇን ብቻ አሳረፈች። ከዚያ ማነከሷ ትዝ አላት። በየትኛው እግሯ እንደሆነ ጠፍቷት አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ አነከሰች። አንድ የሚያነክስ አባትና አንዲት የምታነክስ ልጅ ተደጋግፈው አውቶቡሱ ዘንድ ደረሱ።

ቤት ሲገቡ እናቷ ልብስ መስፊያ መኪናዋ ላይ ነበረች። «ደረሳችሁ?» አለች ከአፏ መርፌውን አውጥታ።

«ለጥቂት ቀረን» አለ አባቷ። «ተረከዟ ነው ያስመለሰን። ምንም አይደል፣ ልጅ ናት።»

ትምህርት ቤት የባሰ ጠበቃት። ፎቶ የለም። «ታዲያ እስከ የት ደረስሽ?» ሲሏት «ከግማሽ በላይ» አለች። በእረፍት ሰዓት ስሟ «ግማሽዬ» ሆኖ አረፈው። ከኋላ የሚቀመጠው ቀልደኛ ደብተሯን ሲያቀብላት እንኳን «ግማሹን ብቻ ልስጥሽ?» እያለ ሙድ ይይዝባት ጀመር። ሚጣ አብራ ሳቀች። አባቷን ካተረፈችው ስሙን ልትችለው ትችላለች።

ሐሙስ ከሰዓት የአባቷ የመሥሪያ ቤት ሾፌር፣ የቆየ ጓደኛው፣ ቤታቸው መጣ። ሚጣ ምግብ ጠረጴዛው ላይ የሒሳብ የቤት ሥራዋን እየሠራች ነበር።

«እሁድ ያንኑ ተራራ በሰሜን በኩል ነው የምንወጣው» አለ ሾፌሩ። «ያንን ሰንሰለት ያለበትን። ትችለዋለህ ግን?»

«ምን ሆኜ ነው የማልችለው? ባለፈው ልጅቷ ባትታመም ኖሮ ጫፉ ላይ ነበርኩ። እግሬ እንደ ድሮው ነው።»

መስፊያ መኪናዋ ላይ የነበረችው እናቷ የያዘችውን ጨርቅ አስቀመጠች። «ጉልበትህስ?»

«እሷን ጠይቂያት! አብራኝ ነበረች። አይደል ሚጣ?»

ሦስቱም አዩዋት። እርሳሷ ደብተሩ ላይ ቆመ። እዚህ፣ በሰው ፊት፣ አባቷ እየሳቀ እያያት...

«አዎ» አለች።

ከዚያ በኋላ አንድ ጥያቄ እንኳን መሥራት አልቻለችም። ስለ ሰሜኑ መንገድ የነገራት እሱ ራሱ ነው። ከገደሉ አፋፍ ላይ አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ፣ ከቋጥኙ የተጠረበ ጠባብ መተላለፊያ አለ፤ ሰንሰለት ይዘው በጎን ይሄዱበታል። መሐል ላይ ከደረሱ መመለስ የለም። እዚያ ላይ ደግሞ ተረከዟን የሚያማት ልጅ አብራው አትኖርም።

አርብ ሙሉውን ቀን ነገሩን በሆዷ ይዛ ዋለች። ለእናቷ ልትነግራት ወደ ስፌት መኪናው ሁለት ጊዜ ሄዳ ሁለት ጊዜ ተመለሰች። እናቷ ከሰማች ቤቱ ጭቅጭቅ ይሆናል፤ እሱ ደግሞ እልህ ይይዘዋል። ራሷንም ጠረጠረች። «ግማሽዬ» መባሉ ሰልችቷት ይሆን እውነቱን ማውጣት ያማራት? ትምህርት ቤት ማንም ሳይሰማ፣ ስሙም እንደተለጠፈባት ቢቀር ትነግረው ነበር? ብዙ አሰበችበት። ትነግረው ነበር።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ አባቷ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ የእሁዱን ዕቃ ያዘጋጃል። ገመዱን ዘርግቶ ይፈትሻል፤ የውሃ ኮዳዎቹን ያጥባል። ያፏጫል። ሚጣ በሩ ላይ ትንሽ ቆመች፤ ከዚያ ሄዳ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«አባዬ፣ ተረከዜ ምንም አልሆነም ነበር።»

ፉጨቱ ቆመ። «የቱ ተረከዝሽ?»

«የባለፈው። ውሃ አልቋጠረም። ዋሽቼህ ነው።»

«ለምን?» ድምፁ ቁጡ አልነበረም፤ ግራ የገባው ነበር። ከዚያ ቀስ በቀስ ገባው። ጆሮው ሲቀላ አየች። ገመዱን አነሣና መልሶ አስቀመጠው።

«መቼ ነው ያየሽው?»

«ክር ታስር የነበረ ጊዜ ጠረጠርኩ። ከዚያ ደግሞ ያ ትልቁ ድንጋይ...»

«አንሸራተተኝ ብዬሻለሁ እኮ።»

«ደረቅ ነበር፣ አባዬ።»

 ጎረቤት ቤት ሰው ምንጣፍ ያራግፋል፤ ዱብ ዱብ የሚለው ድምፅ ብቻ ይሰማል። ሚጣ እግሯ ሸሽቶ ወደ ቤት እንዳይገባባት ጣቶቿን ጫማዋ ውስጥ ቆለመመች።

«እናትሽ ታውቃለች?»

«ለማንም አልነገርኩም። ሐሙስ ዕለትም አዎ ያልኩት አንተን ላለማሳፈር ነው። ነገ ግን...» ወደ ገመዱ አየች። «ነገ ሰንሰለቱ ጋ ጉልበትህ ከከዳህስ?»

አባቷ በተቀመጠበት ጠጋ ብሎ ከጎኑ ቦታ ለቀቀላት። ሚጣ ተቀመጠች። 

ከዚያ አባቷ ጎንበስ አለና የቀኝ እግሩን ሱሪ ቀስ እያለ ወደ ላይ ጠቀለለው። ጉልበቱ አብጦ ከሌላኛው እጥፍ አክሏል፤ ቆዳው ተወጥሮ ያብለጨልጫል።

«ደረጃ ስወጣም ያመኛል» አለ፣ ጉልበቱን እንጂ እሷን ሳያይ። «ዓመት አልፎታል።»

ሚጣ ገመዱን ከመሬት አነሣች። ለሾፌሩ ደውል አላለችውም፤ ለእማዬ ንገራትም አላለችውም። ከጎኑ እንደተቀመጠች ገመዱን በክርኗና በመዳፏ መሐል እየጠቀለለች ጠበቀችው። አንድ ጊዜ ሙሉ ጠቅልላ ስትጨርስ አባቷ እጁን ወደ ኪሱ ሰዶ ስልኩን አወጣ።