መኪና የማይበዛበት መንገድ

ሟቹ የተገኙት ከተራራው ቁልቁል፣ ሰባተኛው ኩርባ ላይ፣ ቀበቷቸውን እንዳሰሩ ነው። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ስትነዳ የነበረችው አንድ ልጃቸው እግሯ ተሰብሮ ተርፋለች፤ መትረፍ ከተባለ! በግዴለሽነት ሰው በመግደል ልትከሰስ ነው። እሷ ደግሞ ይባስ ብላ ክሱን ቀድማ አምናለች።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ወይዘሮ ለምን» ይሏታል። ሰላምታ እንኳ ለምን ሳትል አትቀበልም። ሆስፒታል ገብታ አልጋው አጠገብ ተቀመጠች።

«መንገዱን ማን መረጠው?»

«እኔ። አባባ ዕድሜውን ሙሉ ተራራ ያየው ካርታ ላይ ነው። በዋናው አስፋልት ከከባድ መኪና ጋር ከምንጋፋ፣ እይታው የሚያምር፣ መኪና የማይበዛበት ይሻላል ብዬ ሦስት ሳምንት ፈለግሁ። ስነግረው እንደ ልጅ ፈነደቀ።»

«ከዚያስ?»

«ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ስይዝ ፔዳሉ ወለል ነካ። ከተጋጨን በኋላ ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድ መኪና አላለፈም። አባባ እጄን ይዞኝ ነበር። ከዚያ ለቀቀኝ።» ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

መርማሪዋ ወደ ጋራዡ ሄደች። መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ።

«የፍሬኑ ዘይት አርጅቶ ነበር እትዬ። ከተማ ውስጥ ግድ የለም፤ ረጅም ቁልቁለት ላይ ግን ይግልና ፍሬኑ ይከዳል። ‹ዘይቱ ሳይቀየር ተራራ እንዳትሞክሩ› ብዬ ጽፌ መሪው ላይ ለጥፌ ነበር። ምሳ በልቼ ስመለስ መኪናዋን ወስደዋታል።»

«ማን ወሰዳት?»

«አላየሁማ!»

የሟቹ ሚስትም አላዩም። «ከገበያ ስመለስ መኪናዋን ደጅ ቆማ አገኘኋት። ጉልበቴን ባያመኝ እኔም አብሬያቸው ነበርኩ» አሉና እንባቸው መጣ።

የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ ሃያ ዓመት ከባድ መኪና የነዳ ሰው፣ ከአደጋው ወዲህ ከልጅቷ አልጋ አልተለየም፤ ሾርባ በማንኪያ የሚያጎርሳት እሱ ነው።

«እኔ ጋራዡ ድርሽ አላልኩም» አለ። «በጉዞው ግን ነበርኩ። ተራራው አናት ላይ ሲያዞረኝ ጊዜ እዚያ ያለች ሻይ ቤት ጋ ወረድኩ። ስትመለሱ ትወስዱኛላችሁ አልኳቸው። አያድርስ ነው!»

በማግስቱ መርማሪዋ ሁሉንም ልጅቷ ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ያንን ወረቀት አንድ ሰው አንብቦታል» አለች። «ሟቹ ቢያነቡት አንድ ልጃቸውን ለዚያ ቁልቁለት መሪ አያስይዙም። እሷም ብታነበው አባቷን አትጭንም። እርስዎም፣ እናት፣ ቢያውቁ ሁለቱን አይሸኙም።» ወደ አጎትየው ዞረች። «ሃያ ዓመት የነዳ ሰው አዞረኝ ይላል። ይሁን፣ ዕድሜ ነው እንበል። ግን የዳገቱን ኩርባ ሁሉ ችለው፣ ዳገቱ ሲያልቅ ወረዱ። ዳገት ላይ ፍሬን እምብዛም ሥራ የለውም። እርስዎ የወረዱት ሥራው የሚጀምርበት ቦታ ላይ ነው። ለምን?»



«መኪናዋን አምጣ ብሎ የላከኝ ወንድሜ ነው። ወረቀቱን ቀድጄ ጣልኩት። እኔን መካኒክ ሊያስተምረኝ? ዘይቱን እኔው እቀይረዋለሁ አልኩ፤ ሲጠይቀኝም ‹ተቀይሯል› አልኩት። ከዚያ ረሳሁት። ትዝ ያለኝ ዳገቱ መሃል ነው።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«ምን ብዬ? ዋሽቼሃለሁ ልበለው? እዚያው ልጁ ፊት? አፌ እንቢ አለኝ።»

ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ይኼኛው ግን ነቅዞ ሰው ገደለ። እናትየው «ወንድምህን እኮ ነው!» ብለው ደረታቸውን መቱ። መርማሪዋ ማስታወሻዋን ዘጋች። ልጅቷ ከእንግዲህ አትከሰስም። ሌላ ልታደርግላት የምትችለው ነገር አልነበረም።

ልጅቷ ወደ አጎቷ ዞረች።

«እኔስ አጎቴ? እኔም እኮ መኪናው ውስጥ ነበርኩ።»

አጎትየው አንገቱን ደፋ።

«ስወርድ ‹ቀስ ብለሽ ንጂ› ብዬሽ ነበር» አለ።