የአባባ ከማሉ አማና

ፋቅ፣ ፋቅ፣ ፋቅ። ድምፁ የሚመጣው ከእንሰቱ ጀርባ ነው። ኢንስፔክተር አሰገደች ቡታጅራ ዳር ከባጃጅ ወርዳ ድንኳኑን እንኳ ሳታይ እሱን ሰማች። ጀናዛ ቤት ውስጥ ተጋድሞ እንሰት የሚፍቅ ማን ነው?

«ሚስቴ ሀጀራ ናት» አላት የሟቹ የአባባ ከማሉ ልጅ ራምዚ። «አባቴን የስኳር መርፌውን የምትወጋው እሷ ነበረች። እኔ ለንግድ አዲስ አበባ ስከርም ሳትወጋው ቀርታ ገደለችብኝ። ይኸው፣ ሬሳ ሳይወጣ ቆጮዋን ታሰናዳለች።»

ቀብሩን ያስቆመው ራምዚ ነው። ሀጀራ ወይ ትታሰራለች፣ ወይ ከዚህ ግቢ ትወጣለች ብሏል። ሽማግሌዎቹ የአባባ ከማሉ ቀን ደርሶ ነው ቢሉትም አልሰማቸውም።

አሰገደች ከፈኑን አስገልጣ የሟችን ሆድ ተመለከተች። የመርፌው ነጠብጣብ ገና ትኩስ ነበር። ከዚያ ወደ ጓሮ ዞረች።

ሀጀራ እጇን ሳታቆም፣ ወደ ጀናዛው እንዳትገባ ባሏ እንደከለከላት ነገረቻት። ቀባሪ ደግሞ ይራባል፤ ምን ታድርግ?

«መርፌውን አጉድለሽ ታውቂያለሽ?»

«አንድም ቀን።»

«መድኃኒቱን ከየት ነበር የሚያመጡት?»

ፋቅ ፋቁ ቆመ።

«አማና ነው» አለች ሀጀራ። «አባባ ለማንም እንዳልናገር አስምለውኛል። ሞቱ ብዬ አልከዳቸውም።»

«አንቺን እኮ ነው የሚያስሩሽ።»

«ይሰሩኛ።»

አሰገደች አልገፋቻትም። መድኃኒቱን ብቻ አሳዪኝ አለቻት። ሀጀራ ከጓዳ እርጥብ አሸዋ የተሞላ የሸክላ ማሰሮ አወጣች። ፍሪጅ የሌለው ቤት መድኃኒት ለማቀዝቀዝ እንዲህ ነው የሚያደርገው። አሸዋው ውስጥ በላስቲክ የተቋጠረ አንድ ብልቃጥ ነበር። አሰገደች ብልቃጡን በመዳፏ መሀል አንከባለለችው። እናቷ የስኳር በሽተኛ ስለነበሩ ይህን ታውቃለች፤ እንዲህ ያለው ኢንሱሊን ሲንከባለል እንደ ወተት አንድ ይሆናል። ይሄኛው ግን አልሆነም። ነጫጭ ቅንጣቶች የመስታወቱን ግድግዳ ይዘው ቀሩ።

ዮሲ በጤና ጣቢያ መድኃኒት የሚያድል ሰው ነው። አሰገደች ያገኘችው ቤቱ ነው፤ ሚስቱ ደጃፉ ላይ ለስላሳ ትሸጣለች። ዮሲ ነገሩን በምሬት አስረዳት። አዛውንቶቹ የጤና መድን መታወቂያቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ መድኑ ግን የሚሸፍነው ጤና ጣቢያው ውስጥ ያለውን ነው። ኢንሱሊን ካለቀ ቆይቷል። ከውጭ ግዙ ይባላሉ፤ ከውጭ የገዙትን ደግሞ ማንም አይተካላቸውም።

«እነሱ ከፍለናል ብለው እኔን ይቆጡኛል» አለ።

«አባባ ከማሉስ?»

«እንደ ሌላው ሰው ባዶ እጃቸውን ሸኘኋቸው። ከየት እንዳገኙ አላውቅም።»

ሚስቱ ለእንግዳዋ ለስላሳ ከፈተች። ቢዘቀዘቅ አልወርድ አለ፤ የጠርሙሱ አንገት በረዶ ይዟል። «ፍሪጃችን ክፉ ነው» ብላ ሳቀች። አሰገደችም ሳቀች። ስትወጣ ዮሲን ለቅሶው እንዲደርስ ጋበዘችው፤ ሁለት ፖሊሶችን ደግሞ የመፈተሻ ትእዛዝ አስይዛ ወደ ቤቱ ላከች።

ከሰዓት ሁሉም ድንኳኑ ውስጥ ተሰበሰቡ። አንድ ሽማግሌ አላህ የወሰነው ነው፣ ጀናዛው ይውጣ ብለው ጀመሩ።

«አባቴ፣ ሞት የአላህ ነው» አለች አሰገደች። «ይህን ሞት ግን ሰው እጁን አስገብቶበታል። ቀኑ ደርሶ ነው ብዬ አልሄድም።»

ከዚያ አንድ በአንድ ዘረዘረችው። ሀጀራ መርፌውን አላጎደለችም፤ የሟች ገላ ምስክሯ ነው። ጥፋቱ መርፌው ላይ ሳይሆን መድኃኒቱ ላይ ነው። ብልቃጡ አንድ ጊዜ በረዶ ሆኖ ቀልጧል፤ እንዲህ የሆነ ኢንሱሊን ደግሞ ጉልበት የለውም። አባባ ከማሉ በየቀኑ እየተወጉ ስኳራቸው ከልክ በላይ ወጣ። በዚህ ቤት ደግሞ በረዶ የሚሠራ ነገር የለም።

«ሙቀት ይሆናላ ያበላሸው» አለ ዮሲ ከኋላ። «እርጥብ አሸዋ ምን ያቀዘቅዛል?»

አሰገደች ዞር ብላ አየችው።

«ስለ አሸዋ የተናገረ ሰው የለም። ከየት እንዳገኙት እንኳ አላውቅም ብለኸኝ አልነበር?»

ዮሲ ወደ ድንኳኑ መውጫ አየ።

«ማሰሮውን የመከርካቸው አንተ ነህ። መድኃኒቱም አላለቀም። አለቀ እያልክ ወደ ቤትህ ወሰድከው፤ በመታወቂያቸው በነፃ የሚገባቸውን ተደብቀህ ሸጥክላቸው። ፖሊሶቹ ከፍሪጅህ፣ ከለስላሳው ጀርባ፣ የቀረውን አውጥተውታል። እሱም ቅንጣት ይዟል።»

«መርዳቴ ነበር» አለ ዮሲ። «ከሱቅ ይረክስ ነበር።»

«በረዶ የነካው እንደማይሠራ ሥራህ ነውና ታውቃለህ። እያወቅክ ሰጠሃቸው። እንዳያጋልጡህ አማና አስገባሃቸው፤ እሳቸው ባለውለታዬ ነው ብለው እስከ ሞት ጠበቁልህ። ይህች ልጅ ደግሞ ልትታሰርበት ነበር።»

ፖሊሶቹ ዮሲን ይዘውት ወጡ።  ጀናዛው ተነሣ።

ራምዚ ከወንዶቹ ኋላ ቀርቶ ሚስቱ ፊት ቆመ። ለምን እንዳልነገረችው ጠየቃት። ይቅር በይኝ አላት፤ ቤቱ ቤትሽ ነው አላት።

ሀጀራ እጇን ታጠበች። ማሰሮውን አንሥታ አሸዋውን ደፍ ላይ ገለበጠችው፤ ባዶውን ማሰሮ ታቅፋ በራምዚ አጠገብ አለፈች። ቀባሪዎቹ ወደ ላይ ሲሄዱ እሷ የአስፋልቱን መንገድ ይዛ ወረደች።

«ሀጀራ፣ ወዴት ነው?» አለ ራምዚ።

ዞራ አላየችም።